የግብር ቅናሽ፣ ድጎማ ወይስ ርካሽ ብድር? ለንጹህ ኢነርጂ የሚሰጠውን የመንግሥት ድጋፍ ስንመርጥ

ሶላር ለማስተከል፣ የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት ወይም የቤት ማሞቂያ ለመቀየር ያሰበ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው መቶኛው ላይ ነው። «መንግሥት 30 በመቶ ይሸፍናል» ይባላል። ደስ ይላል። ግን ያው 30 በመቶ ለአንዱ ሙሉ 30 ሆኖ ሲገባለት፣ ለሌላው 8 ሊሆን ይችላል። ለሦስተኛው ደግሞ ዜሮ። ሕጉ አንድ ነው፤ ፓነሉም አንድ ነው። የሚለያየው የሰዎቹ ኪስ ነው።

ስለዚህ «ድጋፉ ስንት ነው?» ከማለታችን በፊት «እኔ ልቀበለው እችላለሁ ወይ?» ብለን እንጠይቅ። ሦስት ነገሮችን ማወቅ ይበቃል። በዓመት የምከፍለው ግብር ስንት ነው? ድጋፉ እስኪመጣ ድረስ ሙሉውን ከኪሴ ማውጣት እችላለሁ? በዚህ ቤት ወይም በዚህ ሥራ ላይ ስንት ዓመት እቆያለሁ? መልሱን ወረቀት ላይ ጻፉት። ከታች ያለው ሁሉ እየተመላለሰ ወደ እነዚህ ሦስት መልሶች ይመጣል።

በግብር በኩል የሚመጣ ድጋፍ

ሰው በጅምላ «የታክስ ቅናሽ» ይለዋል። ውስጡ ግን ሁለት በጣም የሚለያዩ ነገሮች አሉ።

አንደኛው ከገቢ ላይ የሚቀነስ ወጪ ነው። ግብሩ ከመሰላቱ በፊት ወጪያችሁ ከገቢያችሁ ይነሳል። 10,000 ወጪ ቢቀነስላችሁና የግብር መጣኔያችሁ 25 በመቶ ቢሆን፣ የሚተርፋችሁ 2,500 ነው። መጣኔያችሁ 10 በመቶ ከሆነ ግን 1,000 ብቻ ነው። ብዙ የሚያገኝ ሰው ብዙ ይጠቀማል ማለት ነው።

ሁለተኛው የግብር ክሬዲት ነው። ይሄ የሚነሳው ከገቢ ሳይሆን ከግብሩ ከራሱ ላይ ነው። 10,000 ያወጣ ሰው የ30 በመቶ ክሬዲት ቢሰጠው 3,000 ይነሳለታል፤ መጣኔው ምንም ይሁን ምን። ወረቀት ላይ ሲታይ ከመጀመሪያው በጣም የተሻለ ነው። ግን የዓመት ግብራችሁ 800 ቢሆንስ? ክሬዲቱ «ተመላሽ የሚሆን» ዓይነት ከሆነ ቀሪው 2,200 በካሽ ይመለስላችኋል። ካልሆነ ዘንድሮ የምታገኙት 800 ብቻ ነው። ቀሪው ወደ ሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ እንደሆነና እንዳልሆነ ሕጉን ማየት ያስፈልጋል።

አሜሪካ ለቤት ሶላር ትሰጠው የነበረው የ30 በመቶ ክሬዲት ጥሩ ምሳሌ ነው። በካሽ አይመለስም ነበር፤ የተረፈው ግን ወደ ሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ ነበር። ጥሩ ደሞዝ ያለው ሰው በአንድ ዓመት ሙሉውን ያገኘዋል። በጡረታ የሚኖር፣ ግብሩም ትንሽ የሆነ ሰው ግን ለዓመታት እያንጠባጠበ ይቀበላል። በ2022 (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ሕግ ይህ ክሬዲት እስከ 2032 በ30 በመቶ እንዲቆይ ደንግጎ ነበር። በሐምሌ 2025 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2025 በኋላ ለሚወጣ ወጪ እንዳይሰራ አደረገው። «የሚቀጥለው ዓመት አደርገዋለሁ» ያለ ሰው ቀረበት።

ግብር የሌለው ሰው ክሬዲት ምንም አያደርግለትም የሚለው ነገር ለትልልቆቹም ይሰራል። በ2008 የፋይናንስ ቀውስ ጊዜ ይህ በግልጽ ታይቷል። ከዚያ በፊት የአሜሪካ የንፋስና የሶላር ኩባንያዎች የራሳቸው ትርፍ ትንሽ ስለነበር ክሬዲቱን የሚጠቀሙት ትርፋማ ባንኮችን እንደ ባለሀብት በማስገባት ነበር። ቀውሱ ሲመጣ ባንኮቹ ራሳቸው ከሰሩ። ትርፍ ከሌለ ግብር የለም፤ ግብር ከሌለ ክሬዲቱ ባዶ ወረቀት ነው። በ2009 መንግሥት በክሬዲቱ ፈንታ ከወጪው 30 በመቶውን በካሽ ልስጣችሁ አለ። መቶኛው አልተለወጠም። የተለወጠው የሚከፈልበት መንገድ ብቻ ነው። ሥራው ተንቀሳቀሰ፣ በዚያ መንገድም ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተከፈለ። ስለ ማበረታቻ የሚጠይቀኝ ሰው ሲኖር መጀመሪያ የማነሳው ይህን ታሪክ ነው።

አንዳንድ አገሮች ይህን ችግር ለመፍታት ክሬዲቱን ለሌላ ሰው መሸጥ ወይም ማስተላለፍ ፈቅደዋል። የአሜሪካው የ2022 ሕግ ኩባንያዎች ክሬዲታቸውን በካሽ እንዲሸጡ ፈቀደ። ግብር ለማይከፍሉ ከተሞች፣ ትምህርት ቤቶችና የእምነት ተቋማት ደግሞ ገንዘቡ በቀጥታ እንዲከፈላቸው አደረገ። የኤሌክትሪክ መኪናው ክሬዲትም ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ሻጩ ጋ እዚያው ከዋጋው ላይ እንዲነሳ ተደርጎ ነበር፤ እሱም መስከረም 30 ቀን 2025 አበቃ።

መሸጥ ሲፈቀድ ግን ሌላ አደጋ አለ። ጣሊያን በ2020 ቤቱን ኃይል ቆጣቢ አድርጎ ለሚያድስ ሰው ከወጪው 110 በመቶ የሚሆን ክሬዲት ሰጠች። አዎ፣ ካወጣው በላይ። ክሬዲቱን ለተቋራጭ ወይም ለባንክ ማስተላለፍ ይቻል ስለነበር የቤቱ ባለቤት ከኪሱ ምንም ሳያወጣ ሊያሳድስ ይችል ነበር። ዋጋ ለማውረድ የሚከራከር አልነበረም፤ ለምን ይከራከር? ለመንግሥት ከ100 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ወጪ ሆነ። በየካቲት 2023 ማስተላለፉ በድንገት ተከለከለ። ክሬዲቱን በክፍያ ፈንታ የተቀበሉ ብዙ ተቋራጮች ገዢ አጥተው እጃቸው ላይ ቀረ፤ የተጀመሩ ቤቶችም እንደታጠሩ ቆሙ። አንድ ማበረታቻ ከልክ በላይ ጥሩ ከመሰላችሁ፣ ሥራው ሳያልቅ ቢቆም ማን እንደሚጎዳ ውሉ ላይ ፈልጉ።

ለነጋዴዎች አንድ ነገር ልጨምር። የእርጅና ቅናሽን በፍጥነት መውሰድ፣ ማለትም የመሣሪያውን ዋጋ በ20 ዓመት ፈንታ በአንድና በሁለት ዓመት ከትርፍ ላይ መቀነስ፣ ብዙ አገሮች የሚፈቅዱት ነገር ነው። ይህ አዲስ ገንዘብ አይሰጣችሁም፤ የኋላውን ቅናሽ ወደ ፊት ያመጣል። ዘንድሮ ትልቅ ትርፍ ካላችሁ ዋጋው ብዙ ነው። ኪሳራ ላይ ከሆናችሁ ግን ዘንድሮ የሚያደርግላችሁ ነገር የለም።

ድጎማ፦ ቀላሉ፣ ግን ቶሎ የሚያልቀው

ግብር የማይከፍል ወይም ጥቂት የሚከፍል ሰው የመጀመሪያ ምርጫው ቀጥተኛ ድጎማ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። እዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ ገንዘቡ መቼ እጅ ይገባል የሚለው ነው።

በእንግሊዝና በዌልስ ለሂት ፓምፕ (ሙቀትን ከውጭ አየር ወይም ከመሬት ስቦ ቤት ለሚያሞቅ የኤሌክትሪክ መሣሪያ) የሚሰጠው ድጎማ 7,500 ፓውንድ ነው። ማመልከቻውን የሚያስገባው ገጣሚው ድርጅት ነው፤ ገንዘቡም ከፕሮፎርማው ላይ ተቀንሶ ይቀርብላችኋል። የምትከፍሉት ቀሪውን ብቻ ነው። የአውስትራሊያ የጣሪያ ሶላርም ተመሳሳይ ነው። ፓነሉ ሲተከል ሊሸጥ የሚችል የምስክር ወረቀት ይወጣለታል፣ ሻጩ ወረቀቱን ወስዶ ዋጋውን ይቀንስላችኋል። በዚያች አገር ከ4 ሚሊዮን በላይ ጣሪያዎች ሶላር ያላቸው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ተራ ሰው የሚገባው ነገር ዋጋው ላይ የሚታይ ቅናሽ ነው።

በሕንድ በየካቲት 2024 የተጀመረው የቤት ጣሪያ ሶላር ፕሮግራም ግን ገንዘቡን የሚያስገባው ተከላው አልቆ ከተመረመረ በኋላ በባንክ ሒሳብ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 2 ኪሎዋት በየኪሎዋቱ 30,000 ሩፒ፣ ለሦስተኛው 18,000፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ደግሞ በድምሩ ከ78,000 ሩፒ አይበልጥም። ጥሩ ገንዘብ ነው። ግን እስከዚያው ሙሉውን ማን ይክፈል? ለዚህ ነው ከድጎማው ጋር ያለ መያዣ የሚሰጥ አነስተኛ ወለድ ብድር የተያያዘው። ሁለቱ አንድ ላይ ካልመጡ ካሽ የሌለው ሰው ድጎማውን አያገኘውም።

ድጎማ ሦስት ወጥመድ አለው። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የመጀመሪያው ቅደም ተከተል ነው። ብዙ የድጎማ ፕሮግራሞች ሥራው ከመጀመሩ በፊት እንድታመለክቱ ይጠይቃሉ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ያለ ድጎማው የጀመራችሁት ከሆነ ድጎማው አላስፈለጋችሁም ይባላል። ቅድመ ክፍያ ከፍላችሁ፣ ሠራተኛ ጣሪያ ላይ ወጥቶ፣ ከዚያ ማመልከቻ ብትሞሉ ውድቅ ነው። በጀርመን ለሂት ፓምፕ ድጎማ ስታመለክቱ ከገጣሚው ጋር የተፈረመ ውል ያስፈልጋል፤ ውሉ ግን «ድጎማው ከተፈቀደ ብቻ የሚጸና» የሚል አንቀጽ ሊኖረው ይገባል። ይህን አንቀጽ የትም አገር ብትሆኑ ውላችሁ ላይ አስገቡት። አንድ መስመር ነው፤ ብዙ ጣጣ ያድናል።

ሁለተኛው በትክክል ምን ይሸፈናል የሚለው ነው። ደቡብ አፍሪካ ከመጋቢት 2023 ጀምሮ ለአንድ ዓመት ለቤት ሶላር 25 በመቶ የግብር ተመላሽ ሰጥታ ነበር፤ ከፍተኛው 15,000 ራንድ። የሚታሰበው ግን ከፓነሉ ዋጋ ላይ ብቻ ነው። ባትሪና ኢንቨርተር (የፓነሉን ኃይል ለቤት ወደሚሆን መብራት የሚቀይረው መሣሪያ) አይገቡም። መብራት በየቀኑ በሚጠፋበት ጊዜ ሰው ይበልጥ የሚፈልገው ደግሞ ባትሪውን ነበር። ከጠቅላላው ፕሮፎርማ 25 በመቶ አስቦ የተነሳ ሰው ያገኘው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። የጀርመኑ የሂት ፓምፕ ድጎማ ደግሞ ገደብ አለው። ለአንድ ቤተሰብ ቤት የሚታሰበው ወጪ እስከ 30,000 ዩሮ ብቻ ነው። መሠረቱ 30 በመቶ ሲሆን ገቢው ዝቅ ላለና አሮጌ ማሞቂያውን ቶሎ ለቀየረ እየተጨመረ እስከ 70 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ ከፍተኛው 21,000 ነው፤ ሥራው 45,000 ቢፈጅም ያው ነው። መቶኛውን ስትሰሙ «የምኑ መቶኛ?» በሉ።

ሦስተኛው ሳጥኑ ባዶ መሆኑ ነው። ክሬዲት በሕግ የተጻፈ መብት ነው፤ ሕጉ እስካለ ድረስ ብቁ የሆነ ሁሉ ያገኛል። ድጎማ ግን አብዛኛውን ጊዜ በበጀት የተወሰነ ነው። ጀርመን በ2023 የኤሌክትሪክ መኪና ድጎማዋን ስታቆም ታኅሣሥ 16 ቀን አሳውቃ፣ ማመልከቻ የተቀበለችው እስከ ማግስቱ ብቻ ነበር። ለማመልከት መኪናው መመዝገብ ነበረበት። መኪናውን አዝዘው ገና ያልተረከቡ ሰዎች ውጭ ቀሩ። ስለዚህ በድጎማ ላይ ዕቅድ ስታወጡ፣ ድጎማው ባይመጣስ ሥራውን እቀጥላለሁ ወይ የሚለውን አስቀድማችሁ ወስኑ።

ርካሽ ብድር፦ ሰው የሚንቀው

ብድርን ማንም እንደ ስጦታ አይቆጥረውም። መመለስ አለበታ። ግን እስኪ እንቁጠር።

ሥራው 10,000 ይፈጃል እንበል። ካሽ የላችሁም። አንዱ መንገድ የ30 በመቶ ድጎማ ወስዳችሁ ቀሪውን 7,000 ከባንክ በ12 በመቶ ወለድ ለ10 ዓመት መበደር ነው። ሌላው ምንም ድጎማ ሳይኖር ሙሉውን 10,000 በመንግሥት በሚደገፍ የ3 በመቶ ብድር ለ10 ዓመት መበደር ነው። በመጀመሪያው መንገድ በየወሩ 100 ገደማ ትከፍላላችሁ፤ በድምሩ 12,050 ያህል። በሁለተኛው በየወሩ 97 ገደማ፤ በድምሩ 11,590 ያህል። ምንም «ስጦታ» የሌለው መንገድ ተሻለ።

አሁን የባንኩን ወለድ ወደ 5 በመቶ አውርዱት። ያኔ በድጎማው መንገድ በድምሩ የምትከፍሉት 8,910 ገደማ ይሆናል፤ ርካሹ ብድር ግን ያው 11,590 ነው። ድጎማው በሰፊው ያሸንፋል። ስለዚህ የባንክ ወለድ ውድ በሆነበት አገር ርካሽ ብድርን አትናቁት። ወለድ ርካሽ በሆነበት አገር ደግሞ «አነስተኛ ወለድ» የሚል ማስታወቂያ ብዙም አያስደንቃችሁ። ሙሉ ካሽ ያለው ሰው ከሆናችሁ ግን ይህ ስሌት አይመለከታችሁም፤ ድጎማውን ውሰዱ።

ብድሩ ግን በእውነት ርካሽ መሆን አለበት። ብሪታንያ በ2013 «ግሪን ዲል» የተባለ ፕሮግራም ጀምራ ነበር። ቤታችሁን ታሳድሳላችሁ፣ ዕዳውን በመብራት ቢላችሁ ላይ እየከፈላችሁ ትጨርሳላችሁ። ዕዳው ከሰውየው ጋር ሳይሆን ከቤቱ ጋር ይቆያል፤ ቤቱን ብትሸጡ ቀጣዩ ባለቤት ይከፍላል። ሐሳቡ ያምራል። ወለዱ ግን ከተራው የቤት ብድር ይበልጥ ነበር። ቤቱን ለመሸጥም ዕዳው አስቸጋሪ ሊሆን ይችላል ብለው ሰዎች ፈሩ። በ2015 የመንግሥት ገንዘቡ ቆመ። ብድር ሲቀርብላችሁ ወለዱን ብቻ ሳይሆን የአገልግሎት ክፍያውን፣ መያዣ የተደረገውን ነገርና ቤቱ ሲሸጥ ዕዳው የት እንደሚሄድ ጠይቁ።

በምታመነጩት ልክ የሚከፈል

እስካሁን ያየናቸው የሚከፍሉት ስላወጣችሁ ነው። ሌላው ወገን የሚከፍለው ስላመነጫችሁ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ውስጥ የንፋስ ተርባይን የተከለ ሰው ከፌዴራልና ከክፍለ ግዛቱ የሚያገኘው የግብር ክሬዲት ተደምሮ ከወጪው ግማሽ ያህሉን ይሸፍን ነበር። ክሬዲቱ የሚሰጠው ለተተከለው ነው፤ ይዙር አይዙር የሚጠይቅ የለም። ብዙ ጥሩ ሥራ ቢሰራም፣ ቶሎ የሚሰበሩ ተርባይኖችም በብዛት ተተከሉ። በ1992 የወጣው የአሜሪካ ሕግ መንገዱን ቀየረው። ለንፋስ በየኪሎዋት ሰዓቱ ለ10 ዓመት ክሬዲት መስጠት ተጀመረ። የማይዞር ተርባይን ምንም አያገኝም። ሕንድም ለንፋስ የእርጅና ቅናሽ ብቻ ስትሰጥ ከቆየች በኋላ በ2009 በአመነጩት ልክ የሚከፈል ማበረታቻ የጨመረችው በዚሁ ምክንያት ነው።

ለእናንተስ የቱ ይሻላል? አንዳንድ ቦታ ምርጫ ይሰጣል። 10,000 የሚፈጅ 5 ኪሎዋት ሶላር አስቡ። አንዱ አማራጭ 3,000 አሁኑኑ ይሰጣችኋል። ሌላው በየኪሎዋት ሰዓቱ 0.05 ለ10 ዓመት። ፀሐይ በሚበዛበት ቦታ እያንዳንዱ ኪሎዋት በዓመት 1,600 ኪሎዋት ሰዓት ቢሰጥ፣ በዓመት 400፣ በ10 ዓመት 4,000 ይመጣል። ደመና በሚበዛበት ቦታ 900 ብቻ ቢሰጥ፣ በ10 ዓመት 2,250 ነው። ፀሐያማ ጣሪያ ያለው፣ ካሽ የማይቸግረው፣ ከቦታው የማይነቃነቅ ሰው በምርት ልክ ይውሰድ። ጣሪያው በዛፍ ጥላ የተሸፈነ ወይም በአምስት ዓመት ውስጥ ለመልቀቅ የሚያስብ ሰው አሁኑኑ የሚሰጠውን ይውሰድ።

በምርት ልክ ከሚከፈሉት ሁሉ ታዋቂው «ፊድ ኢን ታሪፍ» ነው። ወደ መስመር ለምታስገቡት መብራት ለብዙ ዓመት ዋጋ ይቆረጥላችኋል። ጀርመን በ2000 ያወጣችው ሕግ ለ20 ዓመት የቆረጠ ነበር። ለአዲስ ገቢዎች ዋጋው በየጊዜው ወረደ፤ ቀድሞ የገባ ሰው ግን ቃል የተገባለትን አልተነካበትም። ስፔን በ2007 ተመሳሳይ ቃል ገባች። በ2008 የሶላር ተከላው ከታሰበው በላይ ፈነዳ። ዕዳው ሲከብድ በ2010 እና በ2013 ክፍያው ቀድሞ ለተተከሉትም ጭምር ተቆረጠ። የውጭ ኩባንያዎች ዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት ሄዱ። ቤቱን ለብድር አስይዞ አነስተኛ ሶላር የተከለ የአገሬው ቤተሰብ ግን ያ በር አልነበረውም። ይህ ነገር አሁንም ያሳዝነኛል። መንግሥትን አምኖ ቀድሞ የተነሳው ሰው ነው የተጎዳው።

ኔት ሜተሪንግ ደግሞ ቆጣሪው ወደ ኋላ እንደሚቆጥር ያህል ነው። ቀን የላካችሁትን ማታ ትወስዳላችሁ። ካሊፎርኒያ ከሚያዝያ 15 ቀን 2023 በኋላ ለገቡ ሰዎች የሚላከውን መብራት ዋጋ በ75 በመቶ ገደማ አወረደችው፤ ከዚያ በፊት የገቡት ለ20 ዓመት በቀድሞው ውል እንዲቆዩ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ስሌቱ ተገለበጠ። ፓነል ብቻ ከመትከል ባትሪ ጨምሮ ያመነጩትን ራስ መጠቀም ተሻለ። በምርት ልክ የሚከፈል ነገር ስትመርጡ ዋጋው በስምምነት ውል የተጻፈ ነው ወይስ በመመሪያ ብቻ? ዓመቱ ተቆጥሯል? ቤቱ ሲሸጥ ለገዢው ይተላለፋል? እነዚህን ሳታዩ አትፈርሙ።

ከቀረጥና ከቫት ነፃ

ይህ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ማመልከቻ የለም፣ ወረፋ የለም፣ የገቢ ግብር መክፈል አያስፈልግም። ዋጋው ሲገዛ ቀንሶ ይጠብቃችኋል። ኖርዌይ ከ2001 ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪናን ከ25 በመቶው ቫት ነፃ አደረገች፤ ከ2023 እስከ 2025 ድረስም ነፃነቱ እስከ 500,000 ክሮነር ላለው ዋጋ ቆየ። በ2024 ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች 89 በመቶ ያህሉ ኤሌክትሪክ ነበሩ። ሌላ ብዙ ማበረታቻም ነበር። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ከ20 ዓመት በላይ ሳይቆራረጥ መቆየቱ ነው። የአሜሪካው የንፋስ ክሬዲት በ1999፣ በ2001 እና በ2003 መጨረሻ ጊዜው እያለፈበት በየጊዜው ቆሞ ነበር። በማግስቱ ዓመት አዲስ ተከላው በየጊዜው በጣም ወደቀ።

ጉድለቱ ሻጩ ቅናሹን ለራሱ ሊያስቀረው መቻሉ ነው። ቫቱ ከመነሳቱ በፊትና በኋላ ያለውን ዋጋ አወዳድሩ፤ ቢያንስ ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ሰብስቡ። ዝርዝሩንም እዩ። ጀርመን ከ2023 ጀምሮ ለቤት ሶላር ቫቱን ዜሮ ስታደርግ ባትሪውንም አካታለች። በብሪታንያ ደግሞ ዜሮ ቫቱ እስከ መጋቢት 31 ቀን 2027 የሚሰራው ዕቃውን የሚሸጠው ድርጅት ራሱ ሲተክለው ነው። ፓነሉን ራሳችሁ ገዝታችሁ እንትከል ብትሉ 20 በመቶውን ትከፍላላችሁ።

ለማኅበራትና ለድርጅቶች

ትምህርት ቤት፣ የገበሬዎች ማኅበር ወይም ትንሽ ከተማ ሆኖ የአየር ንብረት ፈንድ የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠራው ስም ግሪን ክላይሜት ፈንድ ነው። በ2010 የተቋቋመ፣ መቀመጫው ደቡብ ኮሪያ የሆነ ትልቅ ፈንድ ነው። ስጦታም፣ ብድርም፣ ዋስትናም ይሰጣል። ግን በቀጥታ ሄዳችሁ አታመለክቱም። ገንዘቡ የሚያልፈው ፈንዱ ዕውቅና በሰጣቸው ተቋማት በኩል ነው፤ በየአገሩም ፈንዱን የሚወክል የመንግሥት አካል አለ። ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ለትንሽ ማኅበር የሚሆነው ይልቅ በ1992 የተጀመረው የግሎባል ኢንቫይሮንመንት ፋሲሊቲ የአነስተኛ ድጎማዎች ፕሮግራም ነው። በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል ለማኅበራትና ለአገር በቀል ድርጅቶች በቀጥታ ይሰጣል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ግን ይደረስበታል። ለጣሪያ ሶላር ብላችሁ ትልቁን ፈንድ አትጠብቁ።

እንግዲህ የቱን?

ቋሚ ደሞዝ ወይም ጥሩ ትርፍ ካላችሁና ግብራችሁ ከክሬዲቱ ከበለጠ፣ ክሬዲቱን ውሰዱ። ወለዱ ውድ በሆነበት አገር ካሽ ከሌላችሁ ግን ክሬዲት እስኪመጣ የምትከፍሉት ወለድ ግማሹን ሊበላው ይችላልና ቁጠሩት።

ግብራችሁ ትንሽ ከሆነ፣ ከዋጋ ላይ አሁኑኑ የሚነሳ ድጎማ ወይም የቫት ነፃነት ፈልጉ። መቶኛው ከክሬዲቱ ቢያንስም። ለእናንተ ሙሉ 15 በመቶ ከባዶ 30 በመቶ ይበልጣል።

ተከራይ ከሆናችሁ ብዙው በር ዝግ ነው፤ ይህ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ከባለቤቱ ጋር በጽሑፍ ሳትስማሙ በቤቱ ላይ ገንዘብ አታፍስሱ። እናንተን የሚያገለግላችሁ አብሮ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው፤ መኪና፣ ብስክሌት፣ ተነቃናቂ ባትሪ። በአንዳንድ አገሮች ደግሞ የጋራ ሶላር ውስጥ ድርሻ ገዝቶ ከቢል ላይ ማስቀነስ ይቻላል።

ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ መውሰድስ? ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ስሌቱ ግን እንደምትገምቱት አይደለም። 20 በመቶ ድጎማና 30 በመቶ ክሬዲት ሲደመር 50 አይሆንም። ክሬዲቱ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ድጎማው ከተነሳ በኋላ ባለው ወጪ ላይ ነው። ከ10,000 ላይ 2,000 ድጎማ ተነሳ፤ ከቀሪው 8,000 ላይ 30 በመቶ 2,400 ነው። በድምሩ 4,400፣ ማለትም 44 በመቶ። አንዳንድ ፕሮግራም ደግሞ ጭራሽ ከሌላ ጋር አይደረብም።

ሻጩ የነገራችሁን መቶኛ በቃል አትቀበሉ። ፕሮፎርማው ላይ ሁለት ዋጋ አስጽፉ፤ አንዱ ድጋፉ ሳይኖር፣ ሌላው ድጋፉ ኖሮ፣ ድጋፉንም ማን እንደሚያመለክት። ማመልከቻው የተረጋገጠበትን ወረቀት ሳትይዙ ቅድመ ክፍያ አትክፈሉ። ደረሰኙ በማመልከቻው ላይ ባለው ስም ይሁን፤ ፓነሉ፣ ኢንቨርተሩ፣ ባትሪውና የእጅ ዋጋው ተለያይተው ይጻፉ። የመሣሪያውን መለያ ቁጥር ፎቶ አንሱ። ፕሮግራሙ የሚጠይቀው ቀን የውል ቀን ነው፣ የክፍያ ቀን ነው ወይስ ተከላው ያለቀበት ቀን? ሥራው ዓመት መለወጫ ላይ ከደረሰ ይህ ጥያቄ ሙሉውን ገንዘብ ሊያስቀርባችሁ ይችላል። መልሱን ከመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ አግኙና ከውሉ ጋር አያይዙት።